ከፌሻል በኋላ ፊት ለምን ይጠቁራል? የጎንደር ፀሐይና የሳምንቱ ጥንቃቄ

ጥር ሲገባ የጎንደር ሳሎኖች ፋታ የላቸውም። መጀመሪያ ከተራና ጥምቀት ይመጣል። ጥምቀት ሲያልፍ ሠርጉ ይደራረባል። ወረፋ የምትይዘው ሙሽራዋ ብቻ አይደለችም፤ ሚዜዎቿ፣ እህቶቿ፣ አንዳንዴም እናቷ አብረው ይመጣሉ። ወንዶቹም እየለመዱት ነው። ሹሩባውና እንሶስላው እንዳለ ሆኖ ፌሻል የሚባለው የፊት ቆዳ እንክብካቤ ከዝርዝሩ የማይቀር ነገር ሆኗል።

ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ሌላ ወሬ ይነሳል። «ፌሻል ተሠርቼ ፊቴ ጠቆረ» የሚል ቅሬታ በቲክቶክም በፀጉር ቤት ወንበር ላይም ይሰማል። መፍትሔው ግን እንደ መካሪው ነው። አንዷ «ሦስት ቀን ውኃ አታስነኪው» ትላለች። ሌላዋ «ሎሚ ቀቢበት፣ ያጠራዋል» ትላለች። «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ታገሺ» የምትልም አለች። «ድሮም ፌሻል ለእኛ ቆዳ አይሆንም» ብሎ የሚደመድምም አይጠፋም።

ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ፌሻል የተሠራ ፊት በእርግጥ ሊጠቁር ይችላል። አንዳንዴ ጥፋቱ የሳሎኑ ነው። አሲዱ ይበረታል፣ ስክራቡ ይሻክራል፣ እጁ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚበላሸው ደንበኛዋ ከሳሎኑ ከወጣች በኋላ፣ በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ነው። ለጊዜው የሳሳ ቆዳ ከጎንደር ፀሐይ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማወቅ፣ ከሚጋጩት ምክሮች ውስጥ የትኛው እንደሚያዋጣ ለመለየት ይረዳል።

ፌሻል ቆዳ ላይ ምን ይሠራል?

ፌሻል አንድ ነገር አይደለም። ቀላሉ ዓይነት ፊትን ማጠብ፣ በስቲም ማሞቅ፣ በስክራብ ማሸት፣ ብላክሄድ (የቆዳ ቀዳዳን የደፈነ ጥቁር ነጥብ) ማውጣት፣ ማስክና ማሳጅ ነው። ከዚያ ከፍ የሚለው ፒሊንግ ይባላል። እንደ ግላይኮሊክ ወይም ሳሊሲሊክ ባሉ አሲዶች የላይኛውን የሞተ ቆዳ ማላቀቅ ማለት ነው። ማይክሮኒድሊንግ ደግሞ ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች የሚበሳ ነው። ሦስቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ለአንዱ የተሰጠ ምክር ለሌላው ይሠራል ብሎ መያዝ ስህተት ነው። «እኔ በማግስቱ ሜካፕ ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» የምትል ጓደኛ የተሠራችው ስቲምና ማስክ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሁሉም የጋራ ነገር የቆዳን የላይኛ ሽፋን መንካታቸው ነው። ይህ ሽፋን ከፀጉር ክር ይቀጥናል። የተደራረቡ የሞቱ ሴሎች አሉት። በሴሎቹ መካከል ደግሞ ቅባት አለ። የፋሲል ግንብን ድንጋይና ኖራ አስቡ፤ ድንጋዩን ይዞ የሚያቆመው በመሀል የገባው ኖራ ነው። እዚህ ደግሞ ቅባቱ። የውስጥ እርጥበት እንዳይወጣ፣ የውጭ ጀርምና ኬሚካል እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው።

ስክራብ ሴሎቹን ይፍቃል። አሲድ ማያያዣውን ያላላል። ስቲምና ሳሙና ቅባቱን ያጥባሉ። ብላክሄድ ሲወጣ በየቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ ቁስለት ይፈጠራል። ፌሻል በተሠራ ማግስት ፊት የሚለሰልሰውና የሚያበራው የሞተው ቆዳ ስለተነሳ ነው። የሚያቃጥለው፣ የሚቀላውና የሚደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውበቱን ያመጣው ሥራ ራሱ መከላከያውን ያሳሳል።

ቆዳ በራሱ ይጠገናል። ጥገናው በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ለቀላል ፌሻል ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። ለአሲድ ፒሊንግ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ጥቁረቱ ከየት ይመጣል?

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ነው። ሜላኒን የሚያመርቱት ሴሎች ቁጣ አይወዱም። ቆዳ ሲቆጣ፣ ማለትም ሲቃጠል፣ ሲላጥ ወይም ብጉር ሲፈነዳ፣ ሴሎቹ ከልክ በላይ ያመርታሉ። ቁስሉ ይድናል፤ ቀለሙ ይቀራል። ሐኪሞች ይህን ከቁጣ በኋላ የሚመጣ ጥቁረት ይሉታል። ጠባሳ አይደለም፤ ቆዳው አልጎደጎደም፣ አላበጠም። ግን መስታወት ፊት ለቆመ ሰው ልዩነቱ ብዙም አያጽናናም።

እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መመደብ ጀመረ። ዛሬ ምደባው ከ1 እስከ 6 ይሄዳል። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በእነዚህ ምድቦች ያለ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ አይላጥም፣ ቶሎም አይጨማደድም። በምትኩ ለጥቁረት ቅርብ ነው። ስለ ፌሻል በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ምክር በብዛት ፈካ ያለ ቆዳን እያሰበ ስለ መቅላትና ስለ መለብለብ ያስጠነቅቃል። የእኛ ዋና ስጋት ሌላ ነው። ፊታችን ሳይቀላና ሳያመን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ሊወጣበት ይችላል። መንስኤና ውጤት በጊዜ ስለሚራራቁ ብዙ ሰው አያገናኛቸውም።

ጥቁረቱ የላይኛው ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ማድያት ነው። ማድያት ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጉንጭ፣ በግንባርና ከላይኛው ከንፈር በላይ ተመሳስሎ ይወጣል። እርግዝና፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን፣ ዘርና ፀሐይ አብረው ያመጡታል። ፌሻል ማድያትን ከምንም አይፈጥረውም። ፈዝዞ የተቀመጠ ማድያት ግን በቁጣና በፀሐይ ሊነሳ ይችላል። የስቲሙ ሙቀትም ያባብሰዋል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ማስረጃው እንደ ፀሐይ ጠንካራ አይደለም። ማድያት ያለባት ሴት ይህን ሳትናገር አልጋው ላይ ብትወጣ፣ ባለሙያዋም ሳትጠይቅ ብትጀምር፣ ሁለቱም ዕዳ ውስጥ ገቡ ማለት ነው።

የጎንደር ፀሐይ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ የሚያጣራው ነገር ያንሳል። ስለዚህ ጎንደር ላይ የሚያርፈው ጨረር፣ ሌላው ነገር እኩል ቢሆን፣ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ በአምስት እጅ አንድ ገደማ ይበልጣል። ከተማዋ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች።

ሰው የሚሸወደው በጥር ነው። ጠዋት ይበርዳል፣ ነፋስ አለ፣ ጋቢ ይለበሳል። ሙቀት የለም፣ ስለዚህ ፀሐይ የለም ይባላል። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጥላችሁን ተመልከቱ። ጥላው ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ጠንካራ ነው። በጥር እኩለ ቀን የጎንደር ሰው ጥላ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ቢደርስ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ በአጠቃላይ ከባዱ ነው። ደመናም ብዙ አያስጥልም። ስስ ደመናን ሰንጥቆ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ጨረር ሊያልፍ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል።

አሁን አንዲት ልጅ ከጥምቀት በፊት ፌሻል ተሠራች እንበል። ብላክሄድ ወጥቶላታል፣ ቀለል ያለ አሲድም ተቀብታለች። በማግስቱ ከተራ ነው። ታቦታቱን አጅባ ከፒያሳ አካባቢ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ትወርዳለች። በነጋታው ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ቆማ ትውላለች ማለት ይቻላል፤ ታቦት እስኪገባም ታጅባለች። ሁለቱንም ቀን ግንባሯ፣ አፍንጫዋና ጉንጯ ከላይ ፀሐይ ያርፍባቸዋል። ቆዳዋ ከወትሮው በሳሳበት ሳምንት ከወትሮው በላይ ፀሐይ መታችው። በጥር መጨረሻ «ፌሻሉ አጠቆረኝ» ብትል ግማሽ እውነት አላት።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ ግላይኮሊክን የመሰሉ አሲዶች ያሉባቸው መዋቢያዎች ቆዳን ለፀሐይ እንደሚያጋልጡና ጥንቃቄው ምርቱን ካቆሙ በኋላም ለአንድ ሳምንት መቀጠል እንዳለበት እንዲጻፍባቸው አሳስቧል። ይህች ሳምንት ለጎንደር ደንበኛ ዋናዋ ቁም ነገር ናት። ፌሻሉ የሚያዝበት ቀን ሲመረጥ መታየት ያለበት የሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም ነው።

የጥላ ነገርም ትንሽ ይብራራ። ነጠላን አንድ ድርብ አድርጎ ፊት ላይ መጣል ካለመጣል ይሻላል። ሆኖም ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። በሽመናው መሀል ሰማይ ከታየ ጨረርም ያልፋል። አጥፎ መደረብ ጥቅም አለው። ጃንጥላ ጥሩ ነው፤ ባለ ሰፊ ክንፍ ባርኔጣም እንዲሁ። ባጃጅ ጣሪያ እንጂ ጎን የለውም፤ ከአዘዞ መሀል ከተማ ድረስ ፀሐይ በአንድ ጎን ስትመታ ትመጣለች። የመኪና የጎን መስታወት ደግሞ ቆዳን የሚለበልበውን ጨረር ያስቀራል፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚያጠቁረውን ግን በደንብ አያግድም። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ መስኮት ዳር መቀመጥ ቤት ውስጥ እንደመዋል አይቆጠርም።

«ጥቁር ቆዳ ሰንስክሪን አያስፈልገውም»

ይህን የሚሉት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የታወቀ ጥናት የጥቁር ሰው ላይኛ ቆዳ በራሱ፣ በሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) መለኪያ በኤስፒኤፍ ሲለካ፣ 13 ገደማ የሚሆን የመከላከል አቅም እንዳለው፣ የነጭ ሰው ግን 3 ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ እጅግ ያነሰ ነው። ለካንሰር መከላከያ ተብሎ ሁሉም ጥቁር ሰው በየቀኑ ሰንስክሪን ይቀባ የሚለው ምክር በቂ ማስረጃ እንደሌለው የሚከራከሩ የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ዋጋውም አለ። ሰንስክሪን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ቅንጦት ነው።

በሌላ ወገን ያሉት ጥያቄው ካንሰር አይደለም ይላሉ። ጥያቄው ጥቁረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት በዓይን የሚታየው የፀሐይ ብርሃን ራሱ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የሚቆይ ጥቁረት እንደሚያመጣ፣ በፈካ ቆዳ ላይ ግን እንደማያመጣ አሳይቷል። በዚህ አንጻር እኛ የበለጠ እንጋለጣለን። (የስልክ ስክሪን ብርሃን ያጠቁራል የሚለውን ወሬ ግን መተው ይቻላል። ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።)

ሁለቱ ወገኖች ስለተለያየ ነገር ስለሚያወሩ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዓመቱን ሙሉ ሰንስክሪን የማይጠቀም ሰው ቆዳውን እየገደለ አይደለም። ፌሻል ከተሠራ በኋላ ባለው ሳምንት ግን፣ በተለይ አሲድ ከተነካ፣ ሰንስክሪን መተው ለፌሻሉ የተከፈለውን ገንዘብ እንደመጣል ነው። ለፌሻል በጀት ያለው ሰው ለሰንስክሪንም መያዝ አለበት። ለሁለቱም ካልበቃ ፌሻሉ ቢቀር ይሻላል።

ሲገዛ ምን ይታይ? ኤስፒኤፍ የሚለው ቁጥር የሚለበልበውን ጨረር መከላከያ ልክ ነው። ቁጥሩ 30 ሲሆን 97 በመቶ ገደማ፣ 50 ሲሆን 98 በመቶ ገደማ ያስቀራል። ከ30 በላይ ላለው ልዩነት ብዙ ብር መጨመር አያስፈልግም። ከቁጥሩ ይልቅ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል መጻፉ ይበልጣል፤ የሚያጠቁረውንም ጨረር ይከላከላል ማለት ነው። አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ቀለም ያለው ሰንስክሪን የሚታየውን ብርሃንም ይቀንሳል፣ በጥቁር ቆዳ ላይም ነጭ አቧራ አይመስልም። ጊዜው ያለፈበት ወይም ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ አይገዛ።

መጠኑ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቁጥሩ የተለካው ወፈር አድርጎ በመቀባት ነው። ሰው በተለምዶ የሚቀባው የዚያን ሩብ ወይም ግማሽ ነው። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቀ ያስፈልጋል። ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

ጃንጥላ ብቻውን ይበቃል ወይ? በአሜሪካ ቴክሳስ ሐይቅ ዳር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሙከራ ነበር። ለ3 ሰዓት ተኩል ጃንጥላ ጥላ ሥር ከተቀመጡት 78 በመቶ፣ ሰንስክሪን ከተቀቡት 25 በመቶ ተለብልበዋል። ሁኔታው የእኛ አይደለም፤ አሸዋ ነው፣ የተሳታፊዎቹም ቆዳ ሌላ ነው። የሚያስተምረው ግን ጨረር ከጎንና ከመሬት ተንጸባርቆ እንደሚመጣ፣ ሰንስክሪንም ሙሉ ዋስትና እንዳልሆነ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

የመጀመሪያው ሳምንት

ዋናው ሥራ ብዙ ነገር አለመሥራት ነው። «ሦስት ቀን ውኃ አታስነኪው» የሚለው ምክር ለቀላል ፌሻል መሠረት የለውም። ላብና አቧራ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲከርሙ ይባስ ብጉር ያመጣሉ። ማታ ላይ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ማጠቢያ፣ በእጅ፣ ሳይፈትጉ መታጠብ በቂ ነው። የልብስም የገላም ደረቅ ሳሙና ለቆዳ ከባድ ነው። የቆዳ ላይኛ ክፍል ትንሽ አሲዳማ ሲሆን ሳሙና ወደ ተቃራኒው ይጎትተዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጀሪካን ውስጥ ቀናት የከረመ ውኃ ይኖራል። ብላክሄድ በወጣ ዕለት አፍልቶ በማቀዝቀዝ መታጠብ ትንሽ ድካም ነው፤ ለቁስሉ ግን ይጠቅማል።

ከዚያ ማለስለሻ። ሽታ የሌለው ተራ ክሬም ከውድ ሴረም ይሻላል። በጎንደር የበጋ ደረቅ ነፋስ ይህ አይዘለልም። ግሊሰሪን ካለ በውኃ ይቅጠን። ቫዝሊን ይናቃል እንጂ እርጥበት ከቆዳ እንዳይወጣ በማገድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ለደረቀና ለተላጠ ቦታ ማታ ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል። ብጉር ለሚያስቸግረው ወዛም ፊት ግን ሌላ ቀለል ያለ ይመረጥ።

ሜካፕ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከፋውንዴሽኑ ይልቅ ታጥቦ የማያውቀው ስፖንጅ ነው። ሬቲኖልና ትሬቲኖይን (ቆዳን የሚያድሱ የቫይታሚን ኤ ዝርያ ቅባቶች)፣ ቫይታሚን ሲና ሌላ ስክራብ ለአንድ ሳምንት ገደማ ይቁሙ። የሚላጥ ቆዳ አይጎተት፤ ከጎተቱት ሥሩ ያለው ያልደረሰ ቆዳ ይጋለጣል፣ ጥቁረትም የሚጀምረው እዚያው ነው። ማይክሮኒድሊንግ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ሰንስክሪንም ሜካፕም ሳይቀቡ ቤት መዋል ይመረጣል፤ መርፌው የከፈታቸው ቀዳዳዎች ገና አልተዘጉም።

ሙቀትም ለሁለት ሦስት ቀን ይራቅ። ሳውና፣ ስፖርት ቤት፣ ወይባ መታጠን። ምጣድ ፊት አጎንብሶ እንጀራ መጋገርም ከዚህ ይቆጠራል፤ ሠርግ ቤት ውስጥ ይህን ማስቀረት ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ፀጉር ላይ ቅቤ የሚቀቡም ቅቤው ቀልጦ ግንባር ላይ እንዳይወርድ ሻሽ ይሰሩ። በፀጉር መስመር ላይ የሚሰለፍ የብጉር ዓይነት ከቅባት እንደሚመጣ የቆዳ ሐኪሞች ጠንቅቀው ያውቁታል።

ሎሚ፣ እርድና ዳማከሴ

ከቤት መድኃኒቶች ሁሉ በዚህ ሳምንት አደገኛው ሎሚ ነው። እጅግ አሲዳማ ነው፣ በሳሳ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ሌላም ነገር አለው። ገበያችን ያለችው ትንሿ ሎሚ ፀሐይ ሲያገኛት ቆዳን የሚያቃጥሉ ኬሚካሎች አሏት። ጭማቂዋ የነካው ቆዳ ፀሐይ ቢመታው ሊቆስልና ለሳምንታት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። «ያጠራል» የተባለው ነገር ያጠቁራል ማለት ነው።

እርድ ቢጫ ከማድረጉ ሌላ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል። ማር ለቁስል የተመሰከረለት ነው፤ የተመሰከረለት ግን ለሕክምና ተዘጋጅቶ ከጀርም የጸዳው እንጂ ከጓዳ የሚቀዳው አይደለም። እሬት ለብዙ ሰው ያበርዳል፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ ክንድ ላይ ይሞከር። እነዚህን በጤነኛ ቆዳ ላይ ለዓመታት የተጠቀመ ሰው «ምንም አይለኝም» ቢል እውነቱን ነው። የሳሳ ቆዳ ግን ሌላ ቆዳ ነው።

ዳማከሴ ለብቻው ይነሳ። ከፌሻል በኋላ ከንፈር ዙሪያ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ከወጡ «ምች መታት» ይባላል፣ ቅጠሉም ተጨምቆ ይቀባል። ብዙ ጊዜ ይህ ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በብዙ ሰው ገላ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ጭንቀትና ቆዳን የሚነካ ሕክምና ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ፀሐይን ከምች ጋር ያገናኙት ሰዎች አልተሳሳቱም። በተላጠ ፊት ላይ ግን ቫይረሱ ከከንፈር ወደ ጉንጭ ሊዛመት ይችላል። ጥሬ ቅጠል ከመቀባት ይልቅ ቶሎ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ አሳይክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በጊዜ ከተጀመረ ይረዳል። ምች ደጋግሞ የሚነሳባት ሴት ፒሊንግ ከመሠራቷ በፊት ይህን ለሐኪም ብትናገር ቀድሞ መከላከል ይቻላል።

«ቆሻሻው እየወጣ ነው»

ከፌሻል በኋላ ብጉር ሲወጣ የሚሰጥ ማጽናኛ ነው። ከፊል እውነት አለው። ሬቲኖይድ የሚባሉት (እነ ሬቲኖልና ትሬቲኖይን) እና አንዳንድ አሲዶች የቆዳን መታደስ ስለሚያፋጥኑ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ብጉር ቶሎ ብቅ ይላል። ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ በተከታታይ ሲቀባ፣ ብጉር በሚወጣበት በተለመደው ቦታ ላይ ነው፤ በሳምንታትም ይረጋጋል።

አንድ ጊዜ ስቲምና ማሳጅ ተሠርቶ በሦስተኛው ቀን አዲስ ቦታ ላይ የፈነዳ ብጉር ግን ከዚህ አይመደብም። የበዛ ቅባት፣ ያልተስማማ ማስክ ወይም ያልጸዳ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ቀዩ እየሰፋ ከሄደ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ዓይን ካበጠ መታገስ የለም። የፊት ኢንፌክሽን ቀልድ አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል፤ ሳሎን ተመልሶ ሌላ ፌሻል መሠራት ግን መፍትሔ አይሆንም።

መሣሪያው የራሱ ጉዳይ አለው። ብላክሄድ ማውጫ ብረትና መርፌ ደም ይነካሉ። በአልኮል መጥረግ ብቻውን ጀርምን ሁሉ መግደል ማለት አይደለም። የጉበት ቫይረስ ቢ ደርቆም ቢሆን ከገላ ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። መርፌ ከሆነ ከነማሸጊያው ፊታችሁ ይከፈት። ይህን መጠየቅ ባለሙያዋን መድፈር አይደለም።

ከክሬሙ ጀርባ

አንዳንዱ «የፌሻል ጉዳት» ከፌሻሉ በፊት የተጀመረ ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያለባቸው የስቴሮይድ ክሬሞች በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ያቀላሉ ተብለው ለወራት ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥር ያሳያሉ፣ ብጉር ያወጣሉ። ሲያቆሙ ፊት ይቆጣል። በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ አሲድ ማስነካት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ቆዳን የሚያፈካው ሃይድሮኪኖንም ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሰማያዊ የሚመስል፣ ለመዳን የሚያስቸግር ጥቁረት ያመጣል። ሜርኩሪ ያለበት ማንጪያ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱ፣ ወደ አገር እንዳይገቡና እንዳይወጡ ይደነግጋል።

በአገራችን መዋቢያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ መሠረቱም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ቁጥጥሩ በምርቱ ላይ ነው። ሳሎን ውስጥ አሲዱን ማን፣ በምን ልክ፣ ምን ተምሮ እንደሚቀባ ግን በወረቀት ላይ ያለ ሕግ ብቻውን አይመልስም። የሳሎን ባለቤቶች ሁሉንም ኃላፊነት እኛ ላይ አትጫኑ ሊሉ ይችላሉ። ደንበኛዋ የምትቀባውን ክሬም ትደብቃለች፣ በነጋታው ፀሐይ ላይ ትውላለች። እውነት ነው። ሆኖም ሙያው የእነሱ ነው። መጠየቅም ማስጠንቀቅም የሚጠበቀው ከሚያውቀው ነው።

ሠርግ ከሆነ

ለመጀመሪያ ጊዜ ፌሻል የምትሠራ ሙሽራ የሠርጉን ዋዜማ አትምረጥ። ቀላሉ ዓይነት ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ቢል፣ አሲድ ያለበት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ቢል ጥሩ ነው፤ ጥቁረት ቢመጣ እንኳ ለማየትና ለማከም ጊዜ ይኖራል። ቅንድብ በክር ማስነሳትና ዋክስ በዚያው ቀን አይደረጉ። አዲስ ምርት ከሆነ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ከጆሮ ጀርባ ይሞከር። ጥምቀትን ደጅ ላይ ለምታሳልፍ ደግሞ ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ብትጨርስ ወይም ከበዓሉ በኋላ ብታደርገው ይሻላል።

ከመውጣቷ በፊት ሳሎኑን ሦስት ነገር ብትጠይቅ ይበቃታል። የተቀባሁት ምንድን ነው፣ አሲድ ካለበት ስንት በመቶ ነው፣ ፊቴ ቢቆጣ ለማን ልደውል? መልሱን ወረቀት ላይ ታስጽፈው ወይም ጠርሙሱን በስልኳ ፎቶ ታንሳው። ነገሩ ሐኪም ጋ ከደረሰ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ጠርሙሱ ስም ከሌለው፣ ባለሙያዋም መጠኑን ካላወቀች፣ ስቲሙንና ማስኩን ብቻ ተሠርቶ አሲዱን ማስቀረት ይቻላል።